“ሲስተም የለም” ሲባል የሌለው ማን ነው?

ቦንጋ ነው፤ ሐሙስ ጠዋት። አንድ ቢሮ (ስሙ ይቆየን) መስኮት ፊት ለፊት ወረፋ ይዣለሁ። ከፊቴ የቆሙት አዛውንት የመጡት ከማንኪራ ነው። ሌሊቱን ሲዘንብ ስላደረ ቦት ጫማቸው ጭቃ በጭቃ ሆኗል። ተራቸው ደረሰና ወረቀታቸውን በመስኮቱ አቀበሉ። ልጅቷ ስክሪኑን አየች፤ ኪቦርዱን ነካ ነካ አደረገች፤ ተነፈሰች።

“አባባ፣ ሲስተም የለም።”

“የት ሄደ?”

“አይ… ሲስተሙ ነዋ! ከአዲስ አበባው ጋር አልገናኝም ብሏል።”

“መቼ ይመጣል ታዲያ ልጄ?”

“እንጃ አባባ። ነገ ይሞክሩ እስቲ።”

ወረፋው ሳቀ። አዛውንቱ ግን የምራቸውን ነበር የጠየቁት። ወረቀታቸውን አራት ቦታ አጣጥፈው ኮታቸው ውስጥ ከተቱና ወጡ። እኔ ደግሞ በጋዜጠኝነት ተመርቄያለሁ፤ አንደኛ ዓመት ላይ “ማን፣ ምን፣ የት፣ መቼ፣ ለምን” እያሉ ጭንቅላታችንን ሲያዞሩን ኖረዋል። እሳቸው “የት” እና “መቼ”ን ጠይቀው ጨርሰዋል። ለእኔ “ለምን” ቀረችልኝ።

እናንተም ታውቁታላችሁ ይህን ነገር። ባንክ ስትሄዱ ሲስተም የለም። መብራት ልትከፍሉ ስትሄዱ ሲስተም የለም። ሆስፒታል ካርድ ልታወጡ ስትሄዱ… እንደ ዝናብ፣ እንደ ጉም፣ ማንም ያላመጣው ማንም የማይመልሰው የተፈጥሮ ነገር አድርገን ተቀብለነዋል። “ኔትወርክ ነው” እንባባላለን፤ እንበተናለን። እኔም እንደዚያ ነበር የማስበው፤ የዚያን ቀን ግን ወረፋ ላይ ሆኜ ስልኬ ላይ ቪዲዮ እያየሁ ነበር። ኔትወርኩ እንደ ጉድ ይሠራል! ታዲያ የሌለው ምንድን ነው?

የቢሮውን አይቲ አፈላልጌ አገኘሁት (ስሙን ማንም አይጠራውም፤ “አይቲው” ነው የሚሉት)። ቦንጋ ላይ ሰው ቡና ሲጋብዝሽ እምቢ ማለት ነውር ነውና ሦስት ቀን ቡና እየጠጣን አስረዳኝ። የሚከተለው ግማሹ የእሱ ትምህርት ነው፤ ግማሹ ከዚያ በኋላ እኔ ታሪክ ውስጥ ገብቼ ያመጣሁት ነው። ስሕተት ካለው የእኔ ነው።

* * *

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ቢሮ የራሱ ዳታቤዝ አለው፤ በአማርኛ የመረጃ ቋት የሚሉት። ግን ሁሉም ነገር በአንድ ቋት አይገኝም። የገበሬው ስም እዚህ፣ የመሬቱ ልክ ሌላ ቦታ፣ የቡናው ዋጋ አዲስ አበባ። ድሮ መፍትሔው ፍላሽ ዲስክ ነበር፤ ይገለበጣል፣ በመኪና ይሄዳል፣ ቫይረስ ይዞ ይመለሳል። ሁለተኛው መንገድ ለራስህ ሰርቨር እንዲህ ብሎ መንገር ነው፦ “ማዶ እገሌ የሚባል ጎረቤት አለህ። እኔ ስጠይቅህ በሩን አንኳኳና መልሱን አምጣልኝ።” ይህ ነው ሊንክድ ሰርቨር የሚባለው። የማይክሮሶፍቱ ኤስ.ኪው.ኤል ሰርቨር በዚህ ስም ይዞት የመጣው በ1998 እ.ኤ.አ.፣ በ7ኛው ዕትሙ ነው። ኢንተርኔት ኢትዮጵያ ውስጥ ለሕዝብ አገልግሎት በተጀመረ ማግሥት ማለት ነው፤ እሱ በ1997 እ.ኤ.አ. ነበር።

“ታዲያ ሊንኩ ሲሞት የመጀመሪያው ነገር ምንድን ነው?” አልኩት አይቲውን።

“መጀመሪያ ሰው ሁሉ ገመዱን ያማል” አለኝ። “ገመዱ ግን ብዙ ጊዜ ንጹሕ ነው። ችግሩ ያለው ኬላው ላይ ነው።”

ኬላ! ይህቺ ቃል ናት ወደ ታሪክ የወሰደችኝ። ምክንያቱም ቦንጋ ላይ ቁጭ ብሎ ስለ ኬላ ማውራት ዝም ብሎ ማውራት አይደለም። የከፋ መንግሥት ዳር ድንበሩን በጥልቅ ቦይና በአጥር ዘግቶ፣ መግቢያና መውጫውን በኬላ ብቻ አድርጎ የኖረ መንግሥት ነው። ከውጭ የመጣ ነጋዴ ኬላው ላይ ይቆማል፤ ማን እንደሆነ፣ ከየት እንደመጣ፣ ማን እንደላከው ይጣራል፤ ከታመነ ይገባል። ገብቶም እንደልቡ አገር አይዞርም፤ ንግዱ ቦንጋ ላይ ነው። ቡናው፣ ዝባዱ፣ ኮረሪማው፣ የዝሆን ጥርሱ (ባሪያውም፤ ታሪኩን አንሸፋፍነው) በዚያ ኬላ ይወጣል፤ አሞሌ ጨውና ማርያ ቴሬዛ ብር በዚያው ይገባል።

ይህ አሠራር በ1897 እ.ኤ.አ. ፈረሰ። የራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር ገባ፤ የመጨረሻው ንጉሥ፣ ታቶ ጋኪ ሸሮቾ፣ ተማርከው ወደ ሸዋ ተወሰዱ፤ ወደ አገራቸውም ሳይመለሱ በ1919 እ.ኤ.አ. ዐረፉ። ቦዩ ተደፈነ፣ በሩ ተከፈተ። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ያለውን ታሪክ ሳየው ኬላው ጠፋ ለማለት ይከብደኛል። ቦታ ቀየረ እንጂ።

* * *

ገመዱን ቶሎ እንጨርሰው፤ ብዙ የሚያስወራ አይደለም። በ1890ዎቹ እ.ኤ.አ. ከአዲስ አበባ ሐረር 477 ኪሎ ሜትር የስልክ መስመር ተዘረጋ፤ ከዚያ መስመሩ በየአቅጣጫው ረዘመ። በ1952 እ.ኤ.አ. ቴሌ የራሱ ቦርድ ያለው መሥሪያ ቤት ሆነ። ስልክ ቤት ሄዶ፣ ቁጥር አስመዝግቦ፣ ኦፕሬተሯ “ተናገሩ!” እስክትል ድረስ አግዳሚ ላይ መጠበቅን እናቶቻችን ያውቁታል። ከ2003 እ.ኤ.አ. አካባቢ ጀምሮ ደግሞ ወረዳኔት መጣ፤ የወረዳ መስተዳድሮችን ከክልልና ከፌዴራል ጋር በስብሰባ ቪዲዮ፣ በስልክና በዳታ የሚያገናኝ። ገመድ ያልደረሰበት ወረዳ ላይ ጣሪያ ወይም ግቢ ውስጥ ትልቅ ነጭ ሳህን ተተከለ። ሳተላይት።

እዚህ ጋ አንዲት የምታስገርመኝ ሒሳብ አለች። ያ ሳተላይት ያለው ከምድር ወገብ በላይ 36,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ነው። ጥያቄው ይወጣል፣ ይወርዳል፤ መልሱ ይወጣል፣ ይወርዳል። በብርሃን ፍጥነት እንኳ ግማሽ ሰከንድ ያህል ይፈጃል። ግማሽ ሰከንድ ምንም አይደለም ትሉ ይሆናል። አንድ ጊዜ ከሆነ አዎ። ግን አንዳንድ ፕሮግራም ሲሠራ የአንድ ሺህ ገበሬ መዝገብ አንድ በአንድ ነው የሚጠይቀው፦ “የመጀመሪያው ማነው? እሺ። ሁለተኛውስ?” አንድ ሺህ ጊዜ ግማሽ ሰከንድ ከስምንት ደቂቃ በላይ ነው፤ ለመንገድ ብቻ። ኤስ.ኪው.ኤል ሰርቨር ደግሞ ማንም ካልነካው ለሩቅ ጥያቄ የሚታገሠው 10 ደቂቃ ነው። ከዚያ “በቃኝ” ይላል። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ “ሲስተም የለም” ትላለች። ሲስተሙ ግን አለ፤ ተመላልሶ ደክሞት ነው።

አይቲው ይህን ሲያስረዳኝ የሰጠኝ ምሳሌ የቡና ነበር። “ሙሉውን መጋዘን በአይሱዙ ጭነሽ አዲስ አበባ ድረስ ወስደሽ፣ እዚያ ለቅመሽ፣ ከመቶው ከረጢት አንዱን ብቻ ትፈልጊያለሽ? እዚሁ ልቀሚውና አንዷን ላኪያት!” ጥያቄውን ማዶ ላለው ሰርቨር ልኮ እዚያው እንዲያጣራ ማድረግ ይቻላል፤ “ኦፕንኳሪ” የሚባል ትእዛዝ አለ። ብዙ “የሞተ” ሊንክ የሚድነው አዲስ ገመድ በመጎተት ሳይሆን በዚህች ብቻ ነው አለኝ።

እሺ፣ ገመዱም አለ፣ ጥያቄውም አጠረ እንበል። ከዚያስ? ከዚያ ነው ኬላው የሚጀምረው።

* * *

ኬላው ላይ የመጀመሪያው ጥያቄ ስም ነው። ማዶ ያለን መዝገብ በሊንክ ለመጥራት አራት ስም በተርታ ይጻፋል፤ የሰርቨሩ፣ የቋቱ፣ የክፍሉ፣ የሠንጠረዡ። በነጥብ እየተለዩ። እኛ ሰውን በስሙ፣ በአባቱ፣ በአያቱ እንደምንጠራው። ወይም ቦታን እንደምንጠራው፦ ክልል፣ ዞን፣ ወረዳ፣ ቀበሌ። ከአራቱ አንዷ ከተሳሳተች መልሱ “እንዲህ የሚባል የለም” ነው።

አሁን ማንኪራን በአራት ስም ጥሩ እስቲ። ማንኪራ ዴቻ ወረዳ ውስጥ ናት። ወረዳው ከፋ ዞን ውስጥ ነው። ዞኑስ? እስከ 2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ድረስ ደቡብ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል ነበር። መስከረም 20 ቀን 2014 (ሴፕቴምበር 30፣ 2021 እ.ኤ.አ.) ሕዝበ ውሳኔ ተደረገ፤ ኅዳር ላይ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ተመሠረተ። ቦንጋም የክልል መቀመጫ ሆነች። የማንኪራ ሰው ማታ ተኝቶ ጠዋት ሲነሣ ዛፉም፣ ወንዙም፣ ጎረቤቱም እዚያው ናቸው። ከአራቱ ስሙ የመጀመሪያው ግን ተቀይሯል። እሱን ያልሰማ ሰርቨር የሆነ ቦታ ካለ አሁንም “ደቡብ” እያለ ይጣራል፤ ማንም “አቤት” አይለውም።

ይህ የመጀመሪያው አይደለም እኮ። ከፋ ጠቅላይ ግዛት ሲባል፣ ከዚያ በደርግ ጊዜ ከፋ ክፍለ ሀገር ሲባል፣ ዋና ከተማው ጅማ ነበር። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ጅማ ኦሮሚያ ሆነች፣ ቦንጋ ደቡብ ሆነች። ከሸካ ጋር ተጣምሮ ከፊቾ ሸኪቾ ዞን የተባለበትም ጊዜ አለ። ፊደሉን እንኳ ተዉት፦ አንዱ “ከፋ”፣ አንዱ “ካፋ”፣ አንዱ “ከፈ”። ከ1980ዎቹ በኋላ ካፊኖኖ የሚጻፈው በላቲን ፊደል ስለሆነ፣ አንዱ መዝገብ ላይ ስሙ በግዕዝ፣ ሌላው ላይ በላቲን ይቀመጣል። በፈረንጅ ፊደል ደግሞ ከፋን የሚጽፉበትን መንገድ ቆጥሬ አራት ላይ ሰለቸኝ።

እኛ አንባቢዎች ይህ ሁሉ አንድ እንደሆነ ገብቶን እናልፋለን። ማሽን አያልፍም። ለማሽን “ፀሐይ”ና “ጸሃይ” ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች ናቸው። ሀ፣ ሐ፣ ኀ፤ ሰና ሠ፤ አና ዐ… የአማርኛ አስተማሪያችን የለፋበት ሁሉ እዚህ ተበቀለን። ከዚያም በፊት የባሰ ነበር። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት (ብዙ ቢሮ ላይ ከዚያም በኋላ ለረጅም ጊዜ) የምንጽፍባቸው ፎንቶች የፈረንጁን ፊደል ቦታ ወስደው የኛን መልክ የሚያለብሱ ነበሩ። ፎንቱ ያለበት ኮምፒውተር ላይ “አበበ” የነበረው ሌላው ላይ የተበታተነ ምልክት ይሆናል። ዛሬም ቢሆን ማዶ ያለው ሠንጠረዥ ለግዕዝ የሚሆን ሰፊ ሣጥን ካልተዘጋጀለት የሰውየው ስም ሲደርስ “????” ነው። አራት የጥያቄ ምልክት! እኔ ይህን ሳይ “ማነህ?” ብሎ አራት ጊዜ የጮኸ ዘበኛ ነው የሚመስለኝ።

* * *

ሁለተኛው የኬላ ጥያቄ “አንተ ማነህ?” ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ታገሡኝ፤ የጽሑፌ ጉዳይ ይህ ነው።

መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ በራሷ ስምና ፓስዎርድ የቦንጋ ሰርቨር ውስጥ ትገባለች። ሰርቨሩ ያውቃታል። ከዚያ ሰርቨሩ በእሷ ስም ወደ አዲስ አበባው ይሄዳል። የአዲስ አበባው “ማን ነው የላከህ?” ይለዋል። ይህን ጊዜ የቦንጋው ሰርቨር አፉ ይያዛል። እሷ እንደሆነች ለእሱ አረጋግጣለታለች፤ እሱ ግን ያንን ማረጋገጫ ለሦስተኛ ሰው አሳልፎ የማሳየት ሥልጣን የለውም። አንድ እርምጃ ይቻላል፤ ሁለተኛዋ ላይ ስሟ ይወድቃል። ስሕተቱ ቁጥር አለው፣ 18456። መልእክቱ ደግሞ “አኖኒመስ ሎግኦን” ይላል። ስም የለሽ። ሰው መጣ፣ ግን ማንም አይደለም።

መድኃኒቱ ወይ ለሰርቨሩ የአደራ ሥልጣን መስጠት ነው (ከርበሮስ የሚባል አሠራር አለ፤ ስሙ የመጣው የሙታንን በር ከሚጠብቀው የግሪኮች ውሻ ነው)፣ ወይ ደግሞ ማዶ ለሚገቡ ሁሉ አንድ የጋራ ስም መስጠት። ሁለተኛው ቀላል ነው። ቀላል ስለሆነም ብዙ ቦታ የሚደረገው እሱ ነው። ማዶ ያለው ሰው የጋራውን ፓስዎርድ የቀየረ ቀን ግን ወዲህ ያለው ሁሉ በአንዴ ይሞታል።

የአደራ ሥልጣንን ከፋ ድሮ ታውቀው ነበር። አንቷን ዳባዲ የሚባለው ፈረንሳዊ መንገደኛ በ1843 እ.ኤ.አ. ከፋ የገባው ብቻውን መጥቶ በሩን አንኳኩቶ አይደለም። የሊሙ ኢናርያው ንጉሥ አባ ባጊቦ ከከፋ ሙሽራ ሊያመጣ ሰው ልኮ ነበርና ከዚያ ጓድ ጋር ነው የገባው። የሱ ማንነት ሳይሆን የአባ ባጊቦ ስም ነው ኬላውን ያሳለፈው። ጣሊያናዊው ሚሲዮናዊ ማሳያ ደግሞ በ1859 እ.ኤ.አ. ገብቶ በ1861 ተባረረ። የተሰጠ ፈቃድ ይነሣል ማለት ነው። ይህ ሁሉ ኮምፒውተር ሳይኖር!

አሁን ወደ ቡናው። የማንኪራ ሰው የዓረቢካ ቡና መነሻ እዚያ እንደሆነ ይነግራችኋል፤ “እናት ቡና” የሚሏትን ዛፍም ያሳዩአችኋል። ዓረቢካ ከደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደኖች መነሣቱን ሳይንሱም ይቀበለዋል። ታዲያ ይህ ቡና ለአሥርት ዓመታት ዓለም ገበያ ላይ የወጣው በማን ስም ነው? በጅማ። ከከፋም፣ ከኢሉባቦርም፣ ከጅማም በፀሐይ ደርቆ የመጣው ቡና ተደባልቆ “ጅማ 5” ይባላል። የመጀመሪያው እርምጃ ላይ፣ ሰብሳቢው በር ላይ፣ ቡናው የማንኪራ ነበር። ሁለተኛው እርምጃ ላይ ስሙ ወደቀ። ይህን የሠራው ኮምፒውተር አይደለም፤ ገና ኮምፒውተር አልነበረም።

በ2008 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በዶ/ር እሌኒ ገብረመድኅን መሪነት ሥራ ጀመረ፤ በዚያው ዓመት በወጣ አዋጅ ቡና በአብዛኛው በእሱ በኩል እንዲያልፍ ተደረገ። ቡናው ቦንጋ ባለው መጋዘን ይረከባል፣ ናሙና ይወሰዳል፣ ይቀመሳል፣ ደረጃ ይወጣለታል፤ ባለቤቱ ለክብደቱና ለደረጃው የኤሌክትሮኒክ ደረሰኝ ያገኛል። ቀማሹ የማን ቡና እንደሚቀምስ አያውቅም፤ ኮድ ነው የሚያየው። ይህ የተደረገው በደግ ምክንያት ነው። እጅ መንሻ እንዳይኖር፤ ሻጩም ገንዘቡን ሳይለመን በማግሥቱ እንዲያገኝ። ከዚያ በፊት ብድር ወስዶ የጠፋ ነጋዴ ስንቱን እንዳስለቀሰ ለማንም የተሰወረ አይደለም። ያንን እኔ አልክድም።

ግን ዋጋው ስም ነበር። ተመሳሳይ ደረጃና አካባቢ ያለው ቡና አንድ ላይ ሆነ፤ ከዚያ ወዲያ የየትኛው ቀበሌ እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ቡናው አዲስ አበባ ሲደርስ “አኖኒመስ ሎግኦን” ሆነ። የውጭ የልዩ ጣዕም ቡና ገዥዎች ጮኹ፤ እነሱ የሚፈልጉት የመንደሩን ስም ነበርና። ማኅበራት በዩኒየናቸው በኩል በቀጥታ መላክ ይችሉ ነበር፤ በ2004 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የካፋ የደን ቡና ገበሬዎች ዩኒየን ስሙን ይዞ የሚወጣበት በር ይህ ነው። በ2010 እ.ኤ.አ. ለልዩ ጣዕም ቡና ሌላ መንገድ ተከፈተ፤ ከ2015 እ.ኤ.አ. ወዲህ ከረጢት ላይ መለያ የማሰር ሥራ ተጀመረ፤ በ2017 እ.ኤ.አ. የወጣው አዋጅ ደግሞ ላኪው በቀጥታ እንዲገዛ ፈቀደ። ለእኔ ይህ ሁሉ አንዲት ሁለተኛ እርምጃ ላይ የወደቀች ስምን ለማንሣት የተደረገ ጎንበስ ቀና ነው።

(በነገራችን ላይ የ2008ቱን አዋጅ ፈልጉ ብትባሉ የትኛውን ትፈልጋላችሁ? ነጋሪት ጋዜጣው በአማርኛው ዓምድ 602/2000 ይላል፤ በእንግሊዝኛው 602/2008። አንድ ሕግ፣ አንድ ገጽ፣ ሁለት ዓመት!)

* * *

ይህቺ የቅንፍ ነገር ወደ ሦስተኛው ኬላ ትወስደናለች። ወደ አስተርጓሚው።

ሊንኩ አለ፣ ስሙ ተገኘ፣ ሰውየው ታወቀ። አሁን መረጃው ያልፋል። አይቲው የፈራው ግን ይህን ነው። “ከሞተ ሊንክ ይልቅ የሚያስፈራኝ የሚሠራ ሊንክ ነው” አለኝ። አልገባኝም ነበር፤ አሳየኝ።

ጳጉሜን 3 የተመዘገበ ነገር አለ እንበል። ማዶ ያለው ቋት 13ኛ ወር አያውቅምና ይጮኻል። ጥሩ፤ የጮኸ ስሕተት ይታረማል። መስከረም 5 ቀን 2016 ግን “ወር 1፣ ቀን 5፣ ዓመት 2016” ሆኖ ሲሄድ ማንም አይጮኽም። ሴፕቴምበር 2023 የነበረው ጃንዋሪ 2016 ሆኖ ዝም ብሎ ይቀመጣል። ዝም ብሎ!

ይህ ለምን ያሳስበኛል? የአውሮፓ ኅብረት በ2023 እ.ኤ.አ. አንድ ሕግ አወጣ፤ ቁጥሩ 2023/1115 ነው። ከዲሴምበር 31፣ 2020 እ.ኤ.አ. በኋላ ደን ተመንጥሮ የበቀለ ቡና፣ ካካዋ እና ሌላም አውሮፓ አይገባም የሚል። ተግባራዊ የሚሆንበት ቀን ከአንድ ጊዜ በላይ ተገፍቷል፤ ዝግጅቱ ግን ቀድሞ ተጀምሯል። አስመጪው ቡናው የበቀለበትን መሬት ልክ በዲጂታል ማስገባት አለበት። ከ4 ሄክታር ለማይበልጥ ማሳ አንዲት ነጥብ ትበቃለች፤ ከነጥብ በኋላ ስድስት አኃዝ ያላት። ስድስት አኃዝ ማለት ወደ 11 ሳንቲ ሜትር ነው፤ የአንድ ስንዝር ግማሽ። ከዚያ ሁሉ የስም መደባለቅ በኋላ፣ “ጅማ 5” ስንባል ኖረን፣ አሁን የቡናውን ቦታ በስንዝር ግማሽ ንገሩን ተባልን።

እስቲ ቀኑን አስቡት። ዲሴምበር 31፣ 2020 በእኛ ታኅሣሥ 22፣ 2013 ነው። በ2015 ዓ.ም. የተመነጠረ ቦታ “2015” ተብሎ ከተጻፈና ማዶ ያለው እንደ ራሱ አቆጣጠር ካነበበው፣ ከሕጉ በፊት የተመነጠረ መስሎ ያልፋል። ከዘመን ቆጠራው ሰባት ስምንት ዓመት ልዩነት የተነሣ ደን የመነጠረው ያመልጣል፤ በሌላ በኩል ደግሞ አያት ቅድመ አያቱ ከደኑ ሥር ቡና እየለቀሙ የኖሩት ሰውዬ ወረቀቱ አልገጥም ብሎ ይቀራል።

ነጥቧስ? እኛ እጃችን ላይ ያለው ጂፒኤስ መጀመሪያ ኬክሮስን ነው የሚያሳየው፤ ቦንጋ 7.27 ሰሜን፣ 36.25 ምሥራቅ ላይ ናት። ጂኦጄሰን የሚባለው የፋይል ዓይነት ግን ኬንትሮስን ያስቀድማል። ሁለቱን ቁጥሮች ሳይገለብጥ ያስገባ ሰው ቦንጋን የት ያደርሳታል መሰላችሁ? ካርታ ከፍታችሁ ሞክሩት። ሰሜን ምሥራቅ አልጄሪያ! ሁለቱም ቁጥር ትክክል ነው፣ ቅርጹም ትክክል ነው፣ ሊንኩም ይሠራል። የማንኪራ ቡና ግን አልጄሪያ ውስጥ በቅሏል። አዛውንቱ ጭቃ ረግጠው የመጡበት ማሳ ብራስልስ ካለ ስክሪን ላይ የለም፤ የለም ብሎ የሚነግራቸውም የለም።

* * *

የዚያ ሐሙሱ ነገር ምን ሆነ? አይቲው በሦስተኛው ቀን አገኘው። ገመዱ አልነበረም። አዲስ አበባ ያለው ሰው የጋራውን ፓስዎርድ ቀይሯል፤ ለቦንጋ አልነገረም። ሦስት ቀን ስልክ ሲደወል ቆይቶ አዲሱ ተገኘ፤ ለማስገባት የፈጀው ከአሥር ደቂቃ አይበልጥም። በነዚያ ሦስት ቀናት ስንት ሰው ከየቀበሌው ወጥቶ እንደተመለሰ ማንም አልመዘገበም። የሚመዘግብ ሲስተም አልነበረማ!

ማክሰኞ እዚያው ነበርኩ። አዛውንቱ ተመልሰው መጡ፤ ያችኑ አራት ቦታ የታጠፈች ወረቀት ከኮታቸው አወጡ። ልጅቷ ስታያቸው ፈገግ አለች።

“እንኳን ደስ አለዎት አባባ፣ ሲስተም መጥቷል!”

ስማቸውን አስገባች። ጠበቀች። ፊቷ ተለወጠ።

“አባባ… ሲስተሙ አለ። እርስዎ ግን የሉም።”

“እዚሁ ነኝ እኮ ልጄ።”

“አውቃለሁ አባባ። ግን የሉም።”

አይቲው ከኋላ ወንበሩን ጎትቶ መጣና ከትከሻዋ በላይ ስክሪኑን አየ። ስማቸው ልክ ነው፤ የአባታቸውም ልክ ነው። ቀበሌ ማንኪራ፣ ወረዳ ዴቻ፣ ዞን ከፋ። ከዚያ ሳቅ አለና ስልኩን አንሥቶ አዲስ አበባ ደወለ።

“ሄሎ… አዎ ከቦንጋ ነው። አንድ አባት አሉ፤ በደቡብ ምዕራብ ፈልጌ አጣኋቸው። እስቲ ወንድሜ፣ በድሮው ደቡብ ብለህ እይልኝ።”

አዛውንቱ መስኮቱን ይዘው ቆመው ይጠብቃሉ።